መልኳ የማያምረውን ይግዙ

የሞዴል አውሮፕላን ሱቅ የገባ ጀማሪ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የጦር አውሮፕላኖቹ ላይ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነቷ ስፒትፋየር፣ አፍንጫዋ ላይ የሻርክ ጥርስ የተሳለባት ፒ-40፣ ገና ሳትነሳ የምትፈጥን የምትመስል ጄት። ጥግ ላይ ደግሞ ነጭ፣ ሰውነቷ የቀጠነ፣ ክንፏ ከልክ በላይ የረዘመ፣ የክንፏ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉ፣ ጌጥ የሚባል ነገር የሌላት አንዲት ግላይደር ተሰቅላለች። ሻጩ ሐቀኛ ከሆነ እጁን የሚዘረጋው ወደ እሷ ነው። በሪሞት ማብረርን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው፣ በተለይም አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ለሌለው፣ ከእሷ የምትሻል መጀመሪያ አላውቅም።

ግላይደር በሞተር ጉልበት ሳይሆን አየር ላይ እየተንሸራተተች የምትሄድ አውሮፕላን ናት። ያላትን ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀች ፍጥነቷን ትጠብቃለች። ክንፏ ጫፍ ለጫፍ 2 ሜትር የሆነ ቀላል የፎም ግላይደር፣ ነፋስ በሌለበት አየር በሰከንድ የምትወርደው ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 100 ሜትር ከፍታ ላይ ብትለቀቅ፣ በወጉ ከተያዘች፣ መሬት ለመንካት ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። የዚያ ሁሉ ምርጫ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ የሚያጣው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ስፒትፋየሯ ስትሳሳቱ የምትሰጣችሁ አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፤ ግላይደሯ ግን ስህተቱን ሠርታችሁ፣ ደንግጣችሁ፣ አስባችሁ፣ እስክታርሙ ድረስ አየር ላይ ትቆያለች። ከዚህ በታች ስለ ክንፍ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ቻናል የምለው ሁሉ ይህንኑ ጊዜ ለማራዘም ነው።

በግላይደር መጀመር አዲስ ዘዴ አይደለም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት ጀርመን ባለ ሞተር አውሮፕላን እንዳትሠራ ሲያግዳት፣ የአቪዬሽን ፍቅር ያደረባቸው ተማሪዎችና መሐንዲሶች ፊታቸውን ወደ ግላይደር አዞሩ። ከፍራንክፈርት በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሮን ተራሮች ውስጥ 950 ሜትር ከፍታ ያለው ቫሰርኩፐ የሚባል ጉብታ አለ፤ የመጀመሪያው የሮን ውድድር እዚያ የተካሄደው በ1920 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ተራራው ላይ የግላይደር ሙዚየም አለ፤ የሞዴል አውሮፕላኖችም የራሳቸው ቦታ አላቸው። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትከፉም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። መጀመሪያ የሚታየው ክንፉ ነው፤ ከፊት ለፊት ሆነው ይመልከቱት። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ለጊዜው ይለፉት። ሁለቱም ወገን ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ወይም ጫፎቹ ጋ ሲደርስ እንደገና የታጠፈ ከሆነ ትክክለኛዋ ናት። ይህ መታጠፍ ለውበት አይደለም። አውሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ወደዚያው ጎን መንሸራተት ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ አየሩን ከሌላው በበለጠ አንግል ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ከፍ ይላል። ሰውየው ምንም ሳያደርግ አውሮፕላኗ ራሷን ታቃናለች። ጀማሪ ግራ ሲገባው ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ነገር በሪሞቱ ላይ ያለውን መሪ፣ ስቲኩን፣ መልቀቅ ነው፤ ስቲኩን ሲለቅ የምትስተካከል አውሮፕላን ይዞ ከሆነ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

እንዲህ ያለ ክንፍ ያላት ግላይደር ክንፏ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አያስፈልጋትም። ለመታጠፍ የምትጠቀመው ራደሩን ነው፤ ቀጥ ብሎ በቆመው የጅራቷ ክፍል ጫፍ ላይ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ቁራጭ። ራደሩ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ሲያዞረው የግራው ክንፍ ቀድሞ ይወጣና ይነሳል፤ አውሮፕላኗም አዘንብላ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ለመውጣትና ለመውረድ ደግሞ በተጋደመው ጅራት ላይ ኤሌቬተር አለ። ሦስተኛው ሞተሩ ነው፤ ለምን እንዳስፈለገ በኋላ እመለስበታለሁ። ሪሞቱ የሚያዝዘው እያንዳንዱ ነገር ቻናል ይባላል፤ ሦስት ቻናል፣ በቃ። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ቻናል ግላይደሮች ራደሩን የሚያገናኙት በቀኝ እጅ ስቲክ ላይ ስለሆነ መሪው በሙሉ አንድ አውራ ጣት ስር ይገባል፤ ግራው እጅ ሞተሩን ብቻ ይጠብቃል። በኋላ ክንፉ ላይ ኤሌሮን የሚባል ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ወዳላት አውሮፕላን ሲሸጋገሩም የሚታጠፉት በዚያችው አውራ ጣት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠንና ክብደት ነው። ጀማሪ ትንሿ ትቀለኛለች ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ትንሽ አውሮፕላን ፈጥና ትገለበጣለች፣ ነፋስ ይጫወትባታል፣ ጥቂት እንደራቀች ወዴት እንደዞረች አይለይም። ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር የሆነ ክንፍ ተመራጭ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በመኪና ለመጫን ያስቸግራል። ክብደቱን በተመለከተ ጠቅላላ ግራሙን ብቻ ማየት አያዋጣም፤ በክንፉ ስፋት ይካፈል። ለእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ ከ20 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ከሆነ ቀስ ብላ ትበራለች፤ ከዚያ በእጅጉ ካለፈ ፈጣን ናት፣ ሌላ ሰው ይግዛት።

ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ቢያንስ በአምስት አንድ ይሳሳል። ያችው ግላይደር አየር ላይ ለመቆየት እዚያ ከ12 በመቶ ያላነሰ ተጨማሪ ፍጥነት ትፈልጋለች፤ ፕሮፔለሯም የሚገፋው አየር ስለሳሳ ጉልበቷ ይቀንሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለማረፍ ስትመጣ ግን ይታያል፤ ከጠበቁት በላይ ፈጥና ትደርስና ከጠበቁት በላይ ርቃ ትቆማለች። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚያበር ሰው ከሁለት ግላይደር ቀላሏን ይምረጥ።

የተሠራችበት ነገርስ? ድሮ መልሱ አንድ ነበር፤ ባልሳ። ከላባ የማይተናነስ እንጨት ነው፤ በቀጭን ፊልም ተሸፍኖ ፀሐይ ሲያልፍበት የጎድን አጥንቶቹ በክንፉ ውስጥ ሲታዩ የእውነት ያምራል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ማብረር የተማረው ጄንትል ሌዲ በምትባል 2 ሜትር የባልሳ ግላይደር ነው፤ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አጣብቆ፣ ሳምንታት ፈጅቶ። ከዚያ የመጀመሪያ ቀን ትወድቃለች። እኔ ባልሳን እወዳለሁ፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። ሳምንታት የደከሙበትን ነገር ወደ ሰማይ የሚወረውር እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ይሳሳታል።

ዛሬ የጀማሪዎቹ ግላይደሮች ኢፒኦ ከሚባል ጠንካራ ፎም የሚሠሩ ናቸው። መልቲፕሌክስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የራሱን ፎም ኤላፖር ይለዋል። በአፍንጫዋ የተተከለች የፎም ግላይደር ምን እንደምትሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አፍንጫዋ ይጨማደዳል፤ የፎሙ ፍሬዎች ተጨፍልቀው አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ትንሽ ሲያቆዩት ፍሬዎቹ ይነፉና ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይቀርባሉ፤ ፊቱ እንደ ድሮው ለስላሳ አይሆንም እንጂ ይበራል። ወገቧ ላይ ለሁለት ከተሰበረች ሁለቱ ገጾች ጥርስ በጥርስ ስለሚገጥሙ ሱፐር ግሉን ጠብ አድርጎ መያዝ ነው፤ ዙሪያውን በፋይበር ፕላስተር ጠቅልለው በዚያው ቀን መልሰው ያበሯታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ርካሽ የሆኑት አንዳንዶቹ የሚሠሩት የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው ነጩ ፎም ነው፤ ያንን ተራው ሱፐር ግሉ ያቀልጠዋል። ካርቶኑ ላይ ኢፒኦ የሚል መኖሩን ይዩ። ከወደቀች በኋላ ሁልጊዜ መታየት ያለበት ሌላው ነገር በክንፉ ውስጥ የሚያልፈው የካርቦን ዘንግ ነው፤ ፎም ይጠገናል፣ የተሰነጠቀ ዘንግ ግን ይቀየራል።

ሞተር አልባ የምትባል አውሮፕላን ላይ ሞተር ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ግላይደሯ ከፍታ የምታገኝበት መንገድ ያስፈልጋታል። ከተዳፋት ላይ ወደ ነፋሱ መወርወር አለ፤ መቶ ሜትር በሚያልፍ ገመድና ላስቲክ እንደ ወንጭፍ መሳብ አለ፤ በክለቦች ደግሞ ገመድ የሚጠቀልል ማሽን አለ። ብቻውን ለሚማር ሰው ግን አፍንጫዋ ላይ ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ትበልጣለች። ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መቶ ሜትር ታወጣታለች፤ ከዚያ ሞተሩ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ከሰውነቷ ይጣበቃል፣ አየሩንም አያውክም። ባትሪው ለብዙ እንዲህ ያለ መውጣት ይበቃል። ሞተሩ ማረፊያውን ሲስቱም ያድናል፤ እንደገና ከፍ ብሎ መሞከር ይቻላል። ይህ ነገር የጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ኤፍ5ጄ በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ሞተሩ እስከ 30 ሰከንድ ይፈቀዳል፤ ተወዳዳሪው ሞተሩን ሲያጠፋ በደረሰበት ከፍታ ልክ ነጥብ ይቀነስበታል፤ 200 ሜትር ካለፈ ቅጣቱ ይከብዳል።

ስም መጥቀስ ካስፈለገ፣ ከአሜሪካው ሆራይዘን ሆቢ የወጣችው 2 ሜትሯ ራዲያን እዚህ የዘረዘርኩትን ሁሉ ታሟላለች፦ የቀና ክንፍ፣ ሦስት ቻናል፣ ፎም፣ የሚታጠፍ ፕሮፔለር። ስትገዙ ግን ራዲያን ፕሮ ከምትባለው እህቷ ጋር አታምታቱ፤ ፕሮዋ ኤሌሮንና ሌላ የክንፍ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ፣ ፍላፕ፣ ያላት፣ ለሌላ ደረጃ የተሠራች ናት። የመልቲፕሌክሷ ኢዚስታር ደግሞ ክንፏ አጠር ያለ ነው፤ ጥሩነቷ ሞተሯ ከክንፉ በላይና ወደ ኋላ መሆኑ ነው። አፍንጫዋ መሬት ሲነካ የሚሰበር ፕሮፔለር የለም፤ የሚታጠፍ የሞተር ዘንግም የለም። ብዙ ለሚወድቅ ሰው፣ ማለትም ለሁላችንም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያው ፋብሪካ የምትሠራው 1 ሜትር ከ80ዋ ኢዚግላይደር በስሟ አትሸንግላችሁ፤ ኤሌሮን አላት፣ ሁለተኛ አውሮፕላን ብትሆን ይሻላል።

ካርቶኖቹ ላይ የሚጻፉት ፊደላት ሰው ያደናግራሉ። አርቲኤፍ የሚለው ሪሞቱም ባትሪውም ውስጥ አለ ማለት ነው። ቢኤንኤፍ ከሆነ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ተቀባይ አለ፣ ሪሞቱን ግን እርስዎ ያመጣሉ። ፒኤንፒ ከሆነ ሞተርና ሰርቮ (ራደሩንና ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ተገጥሞ ይመጣል፣ ተቀባዩና ሪሞቱ የእርስዎ ናቸው። የኔ ምክር ገንዘቡ የሚበቃ ከሆነ ባለ ስድስት ቻናል ደህና ሪሞት ለብቻው መግዛት ነው፤ አውሮፕላኗ ታረጃለች፣ ሪሞቱ ግን ለሚቀጥሉት ሁሉ ያገለግላል። ሞድ 1 ወይም ሞድ 2 የሚለውን ደግሞ ሊረዳችሁ የሚችለው ሰው ከሚጠቀመው ጋር አመሳስሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው ሞተሩ ግራ እጅ ላይ የሆነው ሞድ 2 ነው። በ2005 ስፔክትረም ዲኤክስ6 የተባለው ሪሞት ከወጣ ወዲህ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እየተስፋፋ መጣ እንጂ፣ ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ከከፈተ የአንዱ አውሮፕላን ትከሰከስ ነበር። ስለዚህ ክለቦች ሰሌዳ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ይሰቅሉ ነበር፤ የሞገዱን ቁጥር የያዘው መቆንጠጫ እጁ ላይ ያልሆነ ሰው ሪሞቱን አይከፍትም። ዛሬ ያ ጣጣ የለም።

ራሱን የሚያቃና ኤሌክትሮኒክስ ያላቸውም አሉ፤ ሴፍ የሚባለው አንዱ ነው። ለፈጣን አውሮፕላን ይረዳል። ለግላይደር ግን ክንፏ ራሱ የሚሠራውን ሥራ በኮምፒውተር መድገም ይመስለኛል፤ ከዚያም በላይ አየሩ ክንፏን ሲያነሳት የሚታየውን ምልክት ይሸፍንባችኋል። ያ ምልክት ምን እንደሚያደርግ በኋላ እነግራችኋለሁ። ገንዘቡን ለዚያ ከመክፈል ይልቅ ፒካሲም በተባለው ነጻ ሲሙሌተር ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ምሽት ማሳለፍ ይሻላል።

ከግዢው በፊት ሕጉን መጠየቅ ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሆነውን ማንኛውንም በሪሞት የሚበር ነገር ማስመዝገብ፣ ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተና መውሰድና ቁጥጥር በሌለበት አየር ከ400 ጫማ በላይ አለመውጣት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወሰኑ በጥቅሉ 120 ሜትር ነው፤ የተፈቀደለት ክለብ ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ ሳይዙ ለዘመድ ስጦታ ብሎ በሻንጣ ማስገባት አይሞከርም፤ ጉምሩክ በሪሞት የሚበር ነገር ሲያይ ድሮን ነው ብሎ ይይዛል፣ ግላይደር ናት ማለትም አያድንም።

የመጀመሪያው ቀን። ሰፊ፣ ሣር ያለበት፣ ዛፍና ሽቦ የሌለበት ሜዳ፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ አይበቃም፣ ሦስት አራቱ ቢገጣጠሙ ጥሩ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አየሩ ገና ሳይነሳ። ቤት ሳሉ ሚዛኗን ይዩ፦ ሁለት ጣት ፋብሪካው ምልክት ያደረገበት ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ፣ ከክንፉ ስር አድርገው ሲያነሷት ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ጭራዋ የሚወድቅ ከሆነ ባትሪውን ወደ ፊት ይግፉት፤ ጭራዋ ከብዶ መብረር አይሞከርም። ሜዳው ላይ ሪሞቱ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ባትሪው በኋላ ይሰካል። ራደሩ ስቲኩ ወደ ሄደበት መሄዱን ያረጋግጡ። ፊትዎን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ሞተሩን ሰጥተው፣ በአግድም ይወርውሯት፤ ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ፊት። እንደወጣች ከፍታ ይሰብስቡ፤ ለጀማሪ አደገኛው ቦታ መሬት አጠገብ ነው።

ሁሉንም የሚጥለው መሰናክል አውሮፕላኗ ወደ እርስዎ ስትመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግራና ቀኝ ይገለባበጣል። አንድ መላ አለው፦ ስቲኩን ዝቅ ወዳለው ክንፍ ይግፉት፣ ክንፉን ከታች ደግፈው እንደሚያነሱት አድርገው ያስቡ። አፍንጫዋ ብዙ ቀና ብሎ ፍጥነቷ ከሞተ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ስቶል ይሉታል። መፍትሔው ወደ ላይ መጎተት አይደለም፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መመለስ ነው። እጅ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መውጣት ይፈልጋሉ። ፀሐይ የታረሰውን ማሳና አስፋልቱን ስታሞቀው አየሩ ዐምድ ሠርቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተርማል ነው። አሞሮች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ሰዓታት የሚቆዩት በዚህ ነው። በ1830ዎቹ አገራችንን በዞረው በፍራንክፈርቱ ተጓዥ በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ፣ በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ 11,000 ሜትር አልፎ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨቱ ተመዝግቧል። የእርስዎ ግላይደር ተርማል ስትነካ በመጀመሪያ አንዱ ክንፏ በራሱ ከፍ ይላል፤ ከዐምዱ ጫፍ የገባው እሱ ነው። በደመ ነፍስ አያቃኗት፤ ወደ ተነሳው ክንፍ ያዙሯትና ሰፋ አድርገው ይክበቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ስትወጣ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ግላይደር ይጠፋል። ሰውየው በደስታ ቀና እንዳለ አውሮፕላኗ ነጥብ ታክላለች፣ ነጯ ፎም ነጭ ደመና ውስጥ ትሟሟለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ከክንፏ ስር ጥቁር ፕላስተር በሰፊው ለጥፉባት፣ አንዱን ክንፍ ብቻ ብታደርጉት ወዴት እንደዞረችም ይለያል። ከተርማሉ ለመውጣት አፍንጫዋን ወደ መሬት አትድፉ፤ በዚያ ፍጥነት ክንፍ ይታጠፋል። ከዐምዱ ወጥታ አየር ወደሚወርድበት ወገን ውሰዷትና በዝግታ እየተሽከረከረች ትውረድ። በሰውነቷ ላይ ደግሞ የስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ማርከር ጻፉ፤ የሚያገኛት ገበሬም ይሁን የጎልፍ ተጫዋች ወደ ማን እንደሚደውል ይወቅ።